ከሶፋው የወጣው

"ዳይሬክተር" የሚለውን ስም ያወጣላት አጎቷ ነው፤ ለማሾፍ። በሶፋ ማደሻው ልትረዳው ገብታ ገና ሳምንት ሳይሞላት መዶሻውን አስቀምጣ ስልኳን ስላነሳች፣ "ዳይሬክተር፣ እስቲ ካሜራሽን አስቀምጪና ያቺን ስፖንጅ አቀብዪኝ" ይላት ጀመር። እሷ ግን ቅር አላላትም። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ከርማ፣ በሆነ ሥራ ስም የጠራት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎቿ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለጠላት አይስጥ የሚያሰኙ ነበሩ። ስልኩ በእጇ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ሶፋው ጀልባ ላይ የተጫነ ይመስላል። አጎቷ አፉን ይከፍታል፣ የሚሰማው ግን የመንገዱ ጥሩምባ ነው። እሷ ማስረዳት ስትጀምር ደግሞ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ራሷን ማስተዋወቅ፣ ከዚያ ስለ ሶፋ አያያዝ ሰፊ መግቢያ ታቀርባለች፤ መግቢያው ሲያልቅ ቪዲዮውም ያልቃል። ተመልካቾቿ እናቷና የእናቷ ጎረቤት ብቻ ነበሩ። ጎረቤቲቱም ሳታውቀው ነክታው ሳይሆን አይቀርም።

ልጅቷ ግን እልኸኛ ናት። የሚያውቁ ሰዎች የሚያስተምሩትን በስልኳ እየተከታተለች አንድ በአንድ አረመችው። ስልኩን ከተሰበረ ወንበር እግር ጋር አስራ መንቀጥቀጡን አስቀረች። ሶፋዎቹን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አደረገች። ትንሿን ማይክ አጎቷ ኮሌታ ሥር ደበቀችለት፤ እሱም የመጀመሪያ ቀን ማይኩን ረስቶ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ስለነበር ለብዙ ጊዜ ሲሳሳቁ ኖሩ። ከሁሉም በላይ የወደደችው ግን መቁረጥን ነው። አጎቷ አንድ ሶፋ ለመግፈፍ ጠዋቱን ሙሉ ያጎነብሳል፤ እሷ ዘንድ ያ ሁሉ ድካም ዐይን እስኪጨፈን ያልቃል። ሰው የሚሰለቸውን ቁረጪ ተብላለች፣ ትቆርጣለች።

የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ እሱም የቪዲዮው መጀመሪያ ነው። ስትከታተለው የነበረ አንድ ጯሂ ወጣት፣ "ሰው አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ናት፣ ልትሄድ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች አስቁማት" ይላል። እሷም ሥራ ላይ ሆና፣ ምሳ ስትበላ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ የምታስበው ይህንኑ ነበር። አሮጌ ሶፋ አዲስ ሲሆን ማሳየት ማንም ያደርገዋል። የሰውን ጣት የሚያስቆመው ሌላ ነገር ነው፤ ከሶፋ ውስጥ የሚወጣው።

ሶፋ የማይውጠው ነገር የለም። ቁልፍ፣ ማበጠሪያ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የሕፃን ጥርስ፣ ለሁለት የተቀደደ ፎቶ። አጎቷ ዘንድ ለዚህ የማያወላዳ ደንብ አለ። የወጣው ሁሉ፣ አቧራውም ሳይራገፍ፣ አንዲት ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ አፏ ይታሰራል፤ ከሶፋው እግር ጋር ትንጠለጠላለች፤ ከሶፋው ጋር ለባለቤቱ ትመለሳለች። አይቆጥርም፣ አይጠይቅም፣ ለማንም አያወራም። ደንበኛ፣ "ምን አገኛችሁበት?" ብሎ ቢቀልድ እንኳን፣ "እኔ ሶፋ ነው የማድሰው" ብሎ ይዘጋዋል። አንድ ቀን ማበጠሪያ ልትቀርጽ ስትል እጇን ያዘ።

"ማበጠሪያ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"ማበጠሪያም ቢሆን የሰው ነው። ሆድ ይፍጀው።"

እሷም ከንፈሯን ጥላ ተወችው፤ በልቧ ግን አልተወችውም።

አረንጓዴው ሶፋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቢጫ ቅጠሎች ያሉበት፣ መደገፊያው በሰው ራስ ቅርጽ የጎደጎደ አሮጌ ሶፋ ነበር። ያመጣችው አንዲት ቀጠን ያለች የቢሮ ሠራተኛ ናት። አባቷ በቅርቡ አርፏል። እናቷን ለጥቂት ቀናት ቤቷ ወስዳ ልታሳርፋት ነው፤ እስክትመለስ ሶፋው ታድሶ ቢጠብቃት ደስ ይላታል ብላ አስባለች። ስትሄድ እጇን መደገፊያው ላይ አሳርፋ፣ "አባቴ መጨረሻ ላይ ከዚህ አይነሳም ነበር" አለች። ዳይሬክተር ይህን ሰምታለች። አልሰማሁም ልትል አትችልም።

በማግስቱ አጎቷ ስፖንጅ ሊገዛ ሄደ። መስኮቱ ሲከፈት የገባው ብርሃን ልክ እሷ የምትመኘው ዓይነት ነበር፤ ለስላሳ፣ ከጎን። ስልኩን አስተካከለች፣ ማይኩን በራሷ ልብስ ላይ አደረገች፣ ሶፋውን ገልብጣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ገበር መፍታት ጀመረች። በክንድ ማሳረፊያው በኩል ገበሩ በነጭ ክር በእጅ ተሰፍቷል፤ ደቃቅ፣ ተጠጋግቶ የተሰፋ፣ እኩል የሆነ ስፌት። እየተፈታ እንደገና የተሰፋ ስለነበር ጨርቁ በመርፌ ቀዳዳ ብዛት ወንፊት መስሏል። ለመፍታት አስቸገራት። በመጨረሻ በመቀስ ስትበጥሰው ኪኒን ተዘረገፈ።

ነጭ፣ ሮዝ፣ ግማሽ ግማሹ ቢጫ። ሲሚንቶው ላይ እየነጠሩ ተንከባለሉ። ድምፁ ጥርት ብሎ ተቀርጿል። ካሜራው አልደበዘዘም፣ አልተንቀጠቀጠም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ቀርጻ አታውቅም፤ የመጀመሪያ ስሜቷም፣ እግዜር ይይላት፣ ደስታ ነበር።

ኪኒኖቹን አንድም ሳታስቀር ለቅማ ከረጢቱ ውስጥ አስገባች፤ አፉን አሰረች። ደንቡን ጠበቅሁ አለች ለራሷ። ደንቡ ዕቃው ይመለስ ነው የሚለው፣ ዕቃውን የወሰደ የለም፤ ፊት አልታየ፣ ስም አልተጠራ። ሰው ራሱን ሊያታልል ሲነሳ ጠበቃ አይቸግረውም። ቁጭ ብላ ቆራረጠችው። ስፌቱን ስትፈታ የቆየችበት አሰልቺ ስለሆነ አወጣችው። የኪኒኑን መዘርገፍ መጀመሪያ ላይ አደረገችው። የሚያስቅ ሙዚቃ ከሥሩ አስገብታ፣ "ሐኪሙ አዘዘ፣ ሶፋው ዋጠ!" ብላ ጻፈችበት። አጎቷ ስፖንጁን ተሸክሞ ሲመለስ ቪዲዮው ወጥቶ ነበር፤ ሰውም እየጎረፈ ነበር።

"ምን አለ አዲስ?" አላት።

"ምንም" አለችው።

በነጋታው ረፋዱ ላይ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ቆሙ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከልጃቸው ቤት ተነስተው፣ "ቤቴ ደርሼ ልምጣ" ብለው ወጥተው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋው እንደሌለ አይተው፣ ከጎረቤት አጠያይቀው ነው የመጡት። ዐይናቸው አረንጓዴው ሶፋ ላይ ሲያርፍ ግድግዳውን ያዙ።

"ከፈታችሁት?" አሉ።

አጎቷ አሮጊቷን አንድ ጊዜ አያቸው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ከረጢቱን ከሶፋው እግር ፈትቶ በሁለት እጁ አቀበላቸው። "ከውስጡ የወጣው ይኸው ነው፣ እትዬ። እኔ አልከፈትኩትም።"

እሳቸው ፈቱት። አዩ። መልሰው አሰሩት፤ ከዚያ ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን አቀፉት። የዳይሬክተር ስልክ ኪሷ ውስጥ ይርገበገባል። ላይክ ሲመጣ እንዲርገበገብ ያደረገችው ራሷ ናት።

"ሌላ ያየው ሰው አለ?" አሉ አሮጊቷ።

"እኔም አላየሁትም" አለ አጎቷ። "የፈታችው የእህቴ ልጅ ናት። እሷ ደግሞ ከዚህ ቤት ወሬ አታወጣም።"

አሮጊቷ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ፊቷን አይተው የገባት መሰላቸው፤ ስለዚህ ሳትጠይቃቸው ነገሯት። መድኃኒቱ ባለቤታቸውን ያፈዘው ነበር። ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ሲነቃ ማን እንደሆኑ ይጠፋዋል። አንድ ጠዋት ሳይውጥ ቀረና በስማቸው ጠራቸው። ከዚያ በኋላ እንቢ አለ። ዕድሜ ቢቀጥልልኝም የማላውቅሽ ሆኜ ምን ያደርግልኛል፣ ትንሽም ብትሆን እያወቅኩሽ ልኑራት አላቸው። ለልጃችን እንዳትነግሪ ብሎ አስማላቸው፤ መድኃኒቱን የምትገዛው እሷ ናትና።

"ለምን አልጣልሽውም ትይኝ ይሆናል" አሉ። "ልጄ ለፍታ የገዛችውን እንዴት ልጣለው? ደግሞ ነገ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ስለዚህ እዚያው ከሥሩ እየከተትኩ እሰፋዋለሁ። ልጄ ስትመጣ ቤት ታጸዳለች፤ ምኑንም አትተውም።" ከዚያ፣ "ብታውቅ፣ አባቴን ገደልሽው ትለኛለች። ሌላ ልጅ የለኝም" አሉ።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ልትነግራቸው ነበር፤ ይህንን እንመስክርላት። ግን አሮጊቷ ተነስተው ጉንጯን በመዳፋቸው ያዙ።

"ተባረኪ። እንዳንቺ አፍሽን የምትይዥ ልጅ ይስጥሽ። እኔን ከጉድ እንዳወጣሽኝ እግዜር ከጉድ ያውጣሽ።"

"አሜን" አለች። ሌላ ምን ትበል። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አሮጊቷ ከረጢቱን በነጠላቸው ሸፍነው ሲወጡ ወደ ጓሮ ሮጠች። የስፖንጅ ክምር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትከፍት ኮሜንቱ ማለቂያ የለውም። ሰው በሳቅ ፈርሷል። በመሃል ግን አንዱ፣ "ሰውየው ሞቷል ወይስ አለ?" ይላል። ሌላው፣ "ሚስትየው የት ነበረች? ስትሰጠው ዐይኗን ጨፍና ነው?" ይላል። ከሥሩ ደግሞ ይህንኑ የወደዱ በሽ ናቸው። ስለሚስትየው እንዲህ የሚያወሩት፣ ልጅቷ ጉንጭ ላይ የአሮጊቷ መዳፎች ሙቀት ገና ሳይለቅ ነው። ስትመኘው የኖረችው ተመልካች ይኸው መጣላት፤ አንድ በአንድ ሁሉንም ብታባርራቸው ደስታዋ ነበር። ቪዲዮውን አጠፋችው። ሁለት ጊዜ ሳተችና በሦስተኛው ጠፋ። ሙሉው ግን፣ ያልተቆረጠው፣ ስፌቱን አንድ በአንድ ስትፈታ የሚያሳየው፣ ስልኳ ውስጥ ቀረ። እሱን ማጥፋት አሳዘናት። እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር ዳግም ላትቀርጽ ትችላለች። ሰው በጥፋቱ መሃል ቆሞም ይስገበገባል።

ከሰዓት በኋላ የአሮጊቷ ልጅ መጣች። የቢሮ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሰላም አላለችም። ስልኳን ዘርግታ አሳየቻት፤ የሥራ ባልደረባዋ ከመጥፋቱ በፊት አስቀርታ ልካላት ነበር። ኪኒኑ ተዘረገፈ። ሙዚቃው ጮኸ።

"ይሄ የአባቴ ሶፋ ነው" አለች።

አጎቷ ከወዲያ ጥግ መቀመጫ እየመታ ነበር። መዶሻው ቆመ።

ዳይሬክተር ይቅርታ ጠየቀች። አጥፍቼዋለሁ አለች፣ አላሰብኩትም አለች፣ የመጣላትን ሁሉ አለች። ሴትየዋ አልሰማቻትም። ምስሉን አስቁማ በሁለት ጣቷ አሰፋችው። የምስሉ ጥራት ግሩም ነው። ብርሃኑ ከጎን ስለሆነ ሁሉም ነገር ጎልቶ ይታያል።

"እዚህ ጋ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ምንድነው?"

"ክር ነው።"

"ክር መሆኑን አያለሁ፣ እህቴ። ማን ነው የሰፋው? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት።" ስልኩን ወደ ልጅቷ አስጠጋች። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በዚህ በዚያ አታዙሪኝ። ሙሉውን ቀርጸሽዋል አይደል? አሳዪኝ። እናቴ ታውቅ ነበር?"

የልጅቷ የራሷ ስልክ እጇ ላይ ነው። መልሱ በውስጡ አለ፤ ደቃቅ፣ ተጠጋግቶ የተሰፋ፣ እኩል የሆነ። ሰው ይሰለቸዋል ብላ የቆረጠችው ያ ክፍል አሁን የአንዲት እናትና የአንዲት ልጅ ነገር ዓለሙ ሆኗል። ወደ አጎቷ አላየችም። ብታየው እንደማይረዳት ታውቃለች።

"ሙሉው የለም" አለች። "አጥፍቼዋለሁ። ክሩ የፋብሪካ ነው፤ እነዚህ የድሮ ሶፋዎች ገበራቸው እንዲህ ነው። ጎኑ ላይ ተቀዶ ነበር። በቀዳዳው ነው ሲከት የነበረው።"

"እሱ ራሱ?"

"እሱ ራሱ።"

"እናቴ ሳታይ?"

"ቀዳዳው ከሥር ነው። እጁን ሰደድ ካላደረገ በቀር ማንም አያየውም።"

ስትናገር ድምፅዋ እንዴት እንደተስተካከለ ራሷን ገረማት። አትንተባተቢ፣ አጭር አድርጊው፣ ሰው ዐይን ዐይኑን እያየሽ ተናገሪ ብለው ያስተማሯትን ሁሉ ተጠቀመችበት። ያን ሁሉ ነገር መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ ጫነችው።

ሴትየዋ አሮጊቷ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ "ማታ ማታ ስደውልለት፣ 'ዋጥኩት ልጄ፣ ሐሳብ አይግባሽ' ይለኝ ነበር" አለች። "እየሳቀ። እኔን ሲዋሸኝ እየሳቀ ነበር።" ፊቷን በእጇ አሸችው። "ምን አድርጌው ነው? ለኔ መንገር እንዴት አቃተው?"

ዳይሬክተር መልሱን ታውቃለች። እያወቅኩሽ ልኑራት ያለውን ሰው፣ በስማቸው የጠራበትን ጠዋት ታውቃለች። ይህች ሴት በዓለም ላይ መስማት የሚገባት ያንን ነበር፤ አንጀቷን የሚያርሰው እሱ ነበር። ግን ክሩን ሳይመዙ እሱን መንገር አይቻልም። ስለዚህ ቆማ ስታለቅስ አየቻት። ጥፋቷ ቪዲዮውን መልቀቋ ብቻ መስሏት ነበር፤ አሁን ግን ሁለተኛው፣ ውሸቷ፣ ከመጀመሪያው እንደሚከብድ ገባት፤ የመጀመሪያውን ቢያንስ ማጥፋት ይቻል ነበር።

ሴትየዋ ተረጋግታ ተነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች፤ የልጅቷን ክንድ ያዘች።

"ልለምንሽ። እናቴ ይሄን እንዳትሰማ። በእጇ ነበር የምትሰጠው፤ በየቀኑ። ሲያታልላት እንደኖረ ካወቀች ቅስሟ ይሰበራል። ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? ቃል ግቢልኝ።"

"ቃሌ ነው።"

"ተናድጄብሽ ነበር የመጣሁት። ግን እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሸኝ ነበር።"

ሴትየዋ ሄደች። ልጅቷ ስድብ ጠበቀች፤ ቢመታት እንኳን ደስ ባላት። አጎቷ ግን መጥቶ አረንጓዴውን ሶፋ በእጁ እየዳሰሰ ዞረው። የተበጠሰውን ገበር አየ። ጨርቁ ላይ ያለውን የመርፌ ቀዳዳ በጣቱ ነካው።

"ትናንት ምን አለ አዲስ ብዬሽ ነበር" አለ።

"ጋሼ..."

"እኔ ደግሞ ለእትዬ፣ ከዚህ ቤት ወሬ አታወጣም ብዬ ዋስ ቆምኩልሽ።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ገበሩን ገሽልጦ ጣለውና አዲሱን ጨርቅ መለካት ጀመረ። "ነገ ያልቃል። ቤታቸው የምታደርሺው አንቺ ነሽ።"

"ጋሼ፣ በሞቴ፣ አንተ ውሰደው። ሁለቱም እኮ ቤት ይሆናሉ።"

"ይሆናሉ" አለ፣ ሜትሩን ከጨርቁ ላይ ሳያነሳ። "እናትየው ልጅቷ እንዳታይ፣ ልጅቷ እናትየው እንዳታይ፣ ተራ በተራ ይመርቁሻል። ቁጭ ብለሽ አሜን ትያለሽ።"